በላህ ወይ?

ደሴ፣ ረቡዕ ኅዳር 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ረሂማ ይማም፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም እታለም። አራስ ቤቱ እንዴት ይዞሻል? ያቺ አዲሷ እንግዳ ታስተኛችኋለች ወይስ እንደ አጎቷ ጯሂ ናት? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ሆነ? ጀማሉዲን መኪናውን ይዞ ከአሰብ እስኪመለስ ያለ ባል መታረስሽ ሲያሳዝነኝ ሰነበተ። እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። ከስቼ ብታይኝ ጥፋቱ የሆስፒታሉ ወጥ ነው።

«የአባባን ነገር ሳትደብቅ ጻፍልኝ» ብለሽኛል። አልደብቅሽም። የተሰበረው ዳሌያቸው ደህና አድርጎ ተሠርቷል፤ ቁስሉም አላመረቀዘም። ያስቸገረን ጭንቅላታቸው ነው። ለእማዬ ስታነቢላት ግን ይቺን ቦታ ዝለያት።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ሁለት ቀን ደህና ነበሩ፤ እንዲያውም ከሐኪሙ ጋር ሲቀልዱ ነበር። ከዚያ መግሪብ ሲቃረብ የአልጋ ልብሱን እየቆነጠሩ የማይታይ ነገር ይለቅሙ ጀመር። እኔንም ሟቹን ወንድማቸውን አድርገው አወሩኝ። ጠዋት ስገባ «በሽሬ፣ እንዴት አደርህ?» ይላሉ፣ ፍጹም ጤነኛ ናቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ። አስታማሚዎቹ ጂን ነው እያሉ ይንሾካሸካሉ።

እዚህ ዶክተር ሞላልኝ የሚባል ወጣት ሐኪም አለ፤ ከእኛ ከነርሶቹ ጋር ሻይ የሚጠጣ ሸጋ ሰው ነው። እሱ ይህን ዴሊሪየም ይለዋል። እብደት አይደለም፣ መጃጀትም አይደለም ይላል። ያረጀ ሰው ታሞ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ካለመደው አልጋ ሲጋደም አእምሮው ባንዴ ይናወጥና ምክንያቱ ሲነሣለት ይመለሳል። በክፍላችን ያሉትን ሽማግሌዎች ሁሉ አብረን እያጠናን ነው፤ ማን መቼ እንደሚጀምረው፣ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚያረጋጋው። «የሚጮኸውንማ ሁሉም ያየዋል፤ እኛ የምናጣው ዝም ብሎ ጣራ የሚያየውን ነው» ይላል።

ትናንት ማክሰኞ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ አባባ አሳቁኝ። «እናትህ መጥታ እግሬ ሥር ተቀምጣ ነበር» አሉኝ። «ምነው ታዲያ እኔን ሳትስመኝ ሄደች?» ብላቸው፣ «አንተን ለማየት አልደፈረችም» አይሉኝም! ወላሂ ሳቄን ዋጥኩት።

እንግዲህ ሁለት ነገር ላኪልኝ። አንዱ መነጽራቸውን ነው፤ እቤት ረስተነው መጥተናል፣ ያለ እሱ ደግሞ ሁሉም ነገር ጥላ ነው የሚሆንባቸው። ሁለተኛው እማዬን። ዶክተሩ የለመዱት ፊት ከመርፌ ይበልጣል ብሏል። ሾፌሩ ኑርሁሴን በመኪናው ከፊት አስቀምጦ ያምጣት። ታማሚ ለመጠየቅ ከሆነ ቀበሌው ይለፍ አይከለክልም።

ወንድምሽ በሽር


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለበሽር

ወዐለይኩም ሰላም። ጽሑፌ ቢጣመም ይቅር በለኝ፤ ልጅ በአንድ እጅ ታቅፎ መጻፍ አይመችም። እኔ ደህና ነኝ። ልጅቷም ደህና ናት፤ ጡት ትይዛለች፣ ታለቅሳለች፣ ትተኛለች። ጀማሉዲን እንደ ወጣ ነው። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ቤቱ ሰው ሞልቶበት ስለነበር ቶሎ አልመለስኩልህም። አራስ ጠያቂ መቼ ይጎድላል።

መነጽሩን በኑርሁሴን ልኬያለሁ። አንዱ ዘንግ በክር ታስሯል፤ አትፍታው፣ አባባ ራሳቸው ናቸው ያሰሩት።

እማዬ አሁን መምጣት አትችልም። ጉልበቷን ታውቃለህ። እኔም አራስ ነኝ። በዚህ አትጨቅጭቀኝ በሽሬ፤ ብትችል ኖሮ ሳትጠራት ትመጣ ነበር።

አንተ ተምረሃል፣ እኔ ስለ ሐኪም ነገር አላውቅም። ግን ሽማግሌ ሲያወራ አትሳቅበት። ይልቅ የምጠይቅህን አንድም ሳታስቀር ጻፍልኝ። ማክሰኞ ነው ያልከው? እርግጠኛ ነህ? ምን ለብሳ ነበር አሉህ? ምን አለቻቸው? ከዚያ በኋላስ መጥታለች? ለምን ትጠይቂያለሽ አትበለኝ፤ አራስ ሥራ ፈት ናት በለው።

ጀሊሉ ያሽርልን። ለአባባ እጃቸውን ሳምልኝ።

እህትህ ረሂማ


ደሴ፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ረሂማ

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። ኧረ እታለም፣ አብዮት ጥበቃ እንኳ እንዲህ አይመረምርም! ግን ታላቄ ነሽና ልናዘዝልሽ።

አዎ ማክሰኞ ነው። ነጭ ለብሳ ነበር ይላሉ፤ አዲስ፣ ጥበብ የሌለው፣ ጠርዙ ያልተዘመዘመ ነጭ። ፀጉሯ እርጥብ ነው ይላሉ። «ሳይደርቅላት ነው የሰደዷት፤ ይበርዳታል» እያሉ ብርድ ልብሳቸውን በደህናው እግራቸው ወደ ግርጌ ሲገፉላት አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ሲመሽ ትመጣለች። ምን እንደምትላቸው ስጠይቃቸው «የባልና የሚስት ነገር ነው» አሉኝ።

ምክንያቱንም አግኝተነዋል። ከአልጋቸው ግርጌ ታጥቦ የሚሰጣ ነጭ መጋረጃ ነበር፤ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ላየው፣ ያውም ያለ መነጽር፣ ሰው ይመስላል። አነሣነው። መነጽራቸውን አደረግንላቸው፣ ውሃ በሰዓቱ እናጠጣቸዋለን፣ ዶክተሩም የእንቅልፍ መርፌውን አስቁሟል። ቁስለኛ በመጣ ቁጥር አልጋቸው ሲዛወር ነበር፤ አሁን በመስኮቱ በኩል አንድ ቦታ ረግተዋል።

መጋረጃው ከተነሣ በኋላም ሴትዮዋ አልቀረችም። አጠገባቸው አቶ እንየው የሚባሉ የኩታበር ገበሬ ተኝተዋል፤ ሳንባቸውን ታመው የመጡ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ እሳቸውም ማታ ማታ ይዘባርቃሉ። ትናንት ምንም ሳልጠይቃቸው «አንተ ልጅ፣ ለዚያች ሴትዮ ወንበር ስጣት እንጂ፤ ልብሷ እየተንጠባጠበ ቆማ ታምሽ?» አሉኝ። ዶክተሩ ሁለት የተናወጡ ሰዎች ጎን ለጎን ከተኙ አንዱ ያወራውን ሌላው ያየዋል አለ። ልክ ነው። ግን ልንገርሽ፣ ዶክተሩ ሲወጣ ጎንበስ ብዬ ወለሉን ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። አፈርኩ።

ሌላው የአባባ ምልክት አንድ ጥያቄ መደጋገም ነው። በገባሁ ቁጥር «በላህ ወይ ልጄ?» ይላሉ። «በልቻለሁ አባባ» ስላቸው ቀና ብለው አፋቸውን ይከፍቱና መልሰው ይተዉታል። እንባ ያቀርራሉ። ከአቶ እንየው ጋርም ሲንሾካሸኩ ይቆዩና እኔ ስገባ ጸጥ ይላሉ። መጠራጠርም ከበሽታው ጠባይ ነው ብሎኛል ዶክተሩ።

ሕክምናው ሳይቆጡ እውነቱን መንገር ነው። እኔም ማታ ማታ እጃቸውን ይዤ «አባባ፣ ያሉት ደሴ ሆስፒታል ነው፤ እኔ ልጅዎ በሽር ነኝ፤ እማዬ ኮምቦልቻ ደህና ናት፤ ያዩት ቅዠት ነው» እላቸዋለሁ። ይህን ስላቸው አተያያቸው ግራ ያጋባኛል። በሐዘኔታ ያዩኝና እጄን ያሻሹልኛል፤ በሽተኛው እኔ ነኝ የሚመስለው።

እማዬ ካልመጣች ነጠላዋን ላኪልኝ፤ ሽታዋ ያለበትን። ደግሞ የልጅቷን ስም ማን አላችኋት? ሰባቷ እኮ አለፈ፤ ምነው ስም እንደ ስኳር በራሽን ሆነ?

ወንድምሽ በሽር


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 17 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለበሽር

ስለ ጻፍክልኝ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አላሳየሁትም።

ነጠላዋን ልኬልሃለሁ። አላጠብኩትም። ሌላ ሰው እንዳይነካው፤ ከአባባ እጅ ስትመልሰው ደግሞ ለእኔ መልስልኝ።

የልጅቷን ስም ስትመጣ ትሰማዋለህ።

በሽሬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ፤ እምቢ እንዳትለኝ። እማዬ ደህና ናት እያልክ ለአባባ አትንገራቸው። ጭራሽ ስሟን አታንሣባቸው። ናፍቆቱ ይብስባቸዋል። ሐኪሙ ቢያዝህም እኔ ታላቅህ ነኝ፣ እኔን ስማኝ። መጥታለች ካሉ መጥታለች ይበሉ፤ ምን ጎደለብህ?

አንተስ ትበላለህ? ወጡን ሰበብ አድርገህ ጦምህን እንዳታድር። ለብቻህም አትደር፤ ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር እደር። ይህንንም ለምን አትበለኝ።

ልጅቷ ተነሣች፤ እዚህ ላይ ላብቃ። አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።

እህትህ ረሂማ


ደሴ፣ ኅዳር 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ረሂማ

የምሥራች! አባባ ተመለሱ።

ነጠላዋ በደረሰ ዕለት ሰጠኋቸው። አሸተቱት፣ በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አጣጠፉት፣ «ይህን ትታው ነው የሄደችው» አሉና ትራሳቸው ሥር ከተቱት። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከመጡ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሲተኙ የመጀመሪያቸው ነው። በነጋታው ዶክተሩ የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ያስቆጥራቸው ጀመር፤ ቆጥረው ጨርሰው «አንተስ ትችላለህ?» ብለው መልሰው ጠየቁት። እሱ ቅዳሜ ላይ ተሳሳተ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ይኸው ሰነበቱ፤ መሸም ነጋም ያው ናቸው። ማንም አይመጣም፣ ማንንም አያዩም። ዶክተሩማ ደስታውን አልቻለውም! መነጽሩ፣ ውሃው፣ መስኮቱ፣ ነጠላው እያለ ለሁሉም ያወራል።

አቶ እንየው ግን አልተመለሱም። መዘባረቁን ትተው ጸጥ ሲሉ ተሻላቸው ብለን ነበር። ሐሙስ አረፉ። ዶክተሩ ያለው ደረሰ፤ ዝም ያለውን አጣነው። ከማረፋቸው በፊት ውሃ ሳጠጣቸው «አባትህ አደራ ብሎኛል፤ ኸኔ አትሰማም» አሉኝ። ምኑን ነው የማልሰማው ብል ዓይናቸውን ከደኑ።

የከነከኑኝ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ አባባ አእምሯቸው ከተመለሰ ወዲህ የእማዬን ስም ጠርተው አያውቁም። አርባ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው «ምነው ቀረች?» አይልም? እኔም አታንሣ ስላልሽኝ አላነሣሁም። ሁለተኛ፣ «በላህ ወይ?» አልቀረችም። ሁሉ ነገር ድኖ እሷ ብቻ አልዳነችም።

ደግሞ ባለፈው ሰኞ ጎረቤታችን እትዬ አትጠገብ ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማን ሞቶባቸው ነው ብል ገራዶ ያለች ዘመዴ አሉኝ፤ እንባቸውን እየጠረጉ ወጡ። ኑርሁሴንም ሻይ ልጋብዝህ ባልኩት ቁጥር ጎማ ልይ እያለ መኪናው ሥር ይገባል። ምን አጠፋሁ? አስቀይሜያችሁ ከሆነ በግልጽ ንገሩኝ።

ለማንኛውም ማክሰኞ ይወጣሉ። እኔም የሁለት ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ይዣቸው እመጣለሁ። እማዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን በያት።

ወንድምሽ በሽር


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 26 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለበሽር

ማክሰኞ ስትደርሱ በቀጥታ ወደ ቤት አትምጡ። አጎታችን ሸህ ሰይድ ቤት ግቡ። እዚያ ራት ትበላላችሁ፣ እዚያ ታድራላችሁ። ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ይዘዋችሁ ይመጣሉ።

ለኑርሁሴን ነግሬዋለሁ። እሱን አትጠይቀው፤ ምስኪን ነው፣ መዋሸት አይችልበትም።

አንተም ብላ። አደራህን፣ በደንብ ብላ።

ረሂማ


ደሴ፣ ሰኞ ታኅሣሥ 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ረሂማ

አሰላሙ ዐለይኩም። ሳልሰናበትሽ በመምጣቴ፣ ሳልጽፍ በመቆየቴ፣ ደግሞ ያን ጠዋት አራስ ፊት ቆሜ በተናገርኩት ሁሉ አውፍ በይኝ። ትንሿን መዲና ሳሚልኝ። የእማዬን ስም እንዳወጣችሁላት በሰማሁ ጊዜ ፊቴን ያዞርኩት ጠልቼው አይደለም።

ተቆጥቼሻለሁ፤ አሁንም አልበረደልኝም። እናቴ ስትታጠብ፣ ስትከፈን፣ አፈር ሲለብሳት እዚህ ቁጭ ብዬ «ደህና ናት» ስል ሰነበትኩ። ደሴ እኮ ናት፤ ዐሥር ጊዜ ሰው መላክ ይቻል ነበር። ግን ደግሞ ሳስበው፣ ለልጅሽ ገላ ማጠቢያ ውሃ ይዛ በሩ ላይ እንደ ተቀመጠች ሞታ የቀረችብሽ አንቺ ነሽ። ዕንባሽን ውጠሽ «ጉልበቷን ታውቃለህ» ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። በሽተኛ በሚያስታምም ልጅ ላይ መርዶ አይላክም፤ ፊቴን አይተው አባባም ይረዱታል ብለሽ ፈራሽ። እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን ይህንኑ ሳላደርግ አልቀርም። ይህን ማመን ነው ያቃተኝ።

አንቺ ጓዳ ስለነበርሽ ያልሰማሽው ነገር አለ። ሸህ ሰይድ ዱዓ አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ አባባ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፤ ልጁ በልቷል?» አሉ። «በልቷል» አሏቸው። «እንግዲያው እኔ ልንገረው።» ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ መርዶው የመጣው ለእሳቸውም ነበርና። አባባ ወደኔ ዞረው «በሽሬ፣ እናትህ ያለፈችው ማክሰኞ ዕለት ነው። ራሷ መጥታ ነገረችኝ። ልጄ ሰው ያስታምማል፣ ሳይበላ እንዳትነግረው ብላ አደራ አለችኝ። ባየሁህ ቁጥር ጠየቅኩህ፤ በላሁ ትለኛለህ፣ ፊትህ ግን የበላ ሰው ፊት አይደለም። አልቻልኩም ልጄ» አሉኝ።

እኔ ምልክት ነው ስል የነበርኩት ይህን ነው። አንቺ ከእሳቸውም ከእኔም ደበቅሽ፤ እሳቸው ከእኔ ደበቁ፤ እኔ ብቻ ሐኪም ነኝ ባይ ያሉትን እያስተባበልኩ እውነቱን ልነግራቸው እታገል ነበር። በሐዘኔታ ያዩኝ ለካ ስለዚህ ኖሯል።

ለዶክተር ሞላልኝ ሁሉንም ነገርኩት። «እትዬ አትጠገብ ሲያወሩ ሰምተው ይሆናል» አለ። እትዬ አትጠገብ የመጡት ግን በኋላ ነው። ያቺን መጀመሪያ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ አውጪና ቀኑን እዪው። እማዬን የቀበራችሁት ከአሱር በኋላ ነው፤ አባባ ያዩዋት የዚያኑ ዕለት ከመግሪብ በኋላ። ይህን ስለው ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እኔ የማውቀው ታካሚ እንዴት እንደሚድን ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሣብኝም።

እስከዚህ ድረስ ከትናንት ወዲያ የጻፍኩት ነው። ልልከው ስል ዛሬ የሆነውን ልጨምርልሽ።

አባባ በነበሩበት አልጋ ከገራዶ የመጡ ሽማግሌ ተኝተዋል። ትናንት ነው የገቡት፤ አንዱን ዘመዳችንንም አያውቁም፣ እኔንም ከዚህ በፊት አይተውኝ አያውቁም። ዛሬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርድ ልብሱን ይለቅሙ ጀመር። ውሃ አጠጣኋቸው፣ መነጽራቸውን አደረግኩላቸው፣ ያሉበትን ቦታና ቀኑን ነገርኳቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ በትከሻዬ አሳልፈው ከኋላዬ ያያሉ። የሚነገራቸው ነገር ያለ ይመስል አንዴ፣ ሁለቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጄን ያዙና ያሻሹ ጀመር።

«በላህ ወይ ልጄ?» አሉኝ።

አልበላሁም አልኳቸው። እሳቸውም «እንግዲያው ይቆየን» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እታለም፣ አባባ እንዴት ናቸው? ጉልበቷን ታውቃለህ፣ አራስ ነኝ፣ ሰው በዛብኝ አትበይኝ። በገዛ እጅሽ፣ እንደሆነው ጻፊልኝ። ኑርሁሴን ይህን ይዞ ነገ ጠዋት ይነሣል፤ ከሰዓት ይመለሳል። ራቴ ፊቴ ቀርቦ ቀዝቅዟል፣ አልነካሁትም። መልስሽ እስኪደርሰኝ አልነካውም።

በሽር